የኦሃዮ የሸክላ ዕቃዎቼን ልሽጥ ወይስ ልታገስ?

ጠያቂ (ኮለምበስ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮለምበስ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እስቴት ሴል (የቤት ዕቃ በየቤቱ የሚሸጥበት) እየዞርኩ የዚሁን አገር የድሮ የሸክላ ዕቃ እሰበስባለሁ። አሁን 14 ደርሰዋል፤ ሮዝቪል፣ ዌለርና ሩክዉድ ከሚባሉ የኦሃዮ ፋብሪካዎች የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ ሮዝቪል ናቸው። ሁለት ዌለር አለኝ፤ አንድ ደግሞ ቢጫ አበባ የተሳለበት ጥቁር ቡናማ ሩክዉድ። ዘንድሮ የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ፣ ኪራይ ጨመረ። አንድ ነጋዴ ቤት መጥቶ ሁሉንም በ900 ዶላር ልውሰድልሽ አለኝ። የጥድ ፍሬ ላለባት ሮዝቪል ብቻ ያኔ 240 ከፍያለሁ! ኑሮው እስኪረጋጋ ልጠብቅ? እያንዳንዷን የት እንዳገኘኋት አስታውሳለሁ። እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ 1 (ሲንሲናቲ)፦
እህቴ፣ በጅምላ እንዳትሰጪ። በዚህ ንግድ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ የ2008ቱንም (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ችግር አይቻለሁ። ያኔ ሁሉም ቤት ያለውን መካከለኛ ዕቃ አወጣ፣ ዋጋው ወረደ። የሮዝቪል ዋጋ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ኑሮ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ፋብሪካው በ1954 እስኪዘጋ ድረስ በገፍ ነው ያመረተው። ብርቅ ይመስለን ነበር፤ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ሲመጣ ከየጓዳው ወጥቶ ብዛቱ ታየ። ሰብሳቢዎቹም አረጁ፤ ልጆቻቸው ማስቀመጫ ቦታ የለንም ይላሉ። ስለዚህ 240ዋን አትጠብቂ። ተራዎቹን አንድ በአንድ ሽጪ።

ሩክዉዷን ግን መጀመሪያ ገልብጠሽ እያት። የፋብሪካው ምልክት ጀርባ ለጀርባ የሆኑ አር እና ፒ ፊደሎች ናቸው፤ ዙሪያቸውን ትንንሽ ነበልባሎች አሉ። ከ1887 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ነበልባል ይጨመር ነበር፤ በ1900 14 ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ከሥሩ የሮማ ቁጥር አለው። የሠዓሊውንም ምልክት ፈልጊ። ኤክስ ተቀርጾባት ከሆነ ፋብሪካው ራሱ እንከን አግኝቶባታል ማለት ነው።

መልስ 2 (ዴይተን)፦
አንድ ነገር ልጨምር። በ1990ዎቹ ከቻይና የመጣ አስመስሎ የተሠራ ሮዝቪል ገበያውን ሞልቶታል። እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ከሥሩ ሮዝቪል ይላል፣ ዩኤስኤ የሚለው ግን የለም፤ ቀለሙም ደብዛዛ ነው። አስመስሎ የተሠራውን እንደ እውነተኛው እንዳትሸጪ ለይተሽ አስቀምጪ። በጣትሽ ቀስ ብለሽ ምቻቸው፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። የተሸረፈውንም በፎቶ አሳዪ፤ ገዢ ቢመልስብሽ የመላኪያው ወጪ ትርፍሽን ይበላዋል። ስትልኪ ካርቶኑን በሌላ ካርቶን ውስጥ አድርጊ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ባትሪ ይዤ ገለበጥኳት። ነበልባሎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ 9 ናቸው። 1895 ማለት ነው! ኤክስ የለባትም። አፏ ላይ ግን ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች፣ እስከ ዛሬ አላየኋትም ነበር። ነጋዴውን ደውዬ አይሆንም አልኩት። ከሮዝቪሎቹ ስድስቱን ነገ ፎቶ አነሳለሁ፤ ባለ ጥድ ፍሬዋንም ጨምሬ። ቡናማዋ መደርደሪያዋ ላይ ተመልሳለች።