በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ አሳይመንት እንዴት ይታረም?

ጠያቂ (የኢኮኖሚክስ መምህር)፦
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ስለ ዋጋ ንረት የሰጠሁትን አሳይመንት ሳርም፣ የብዙዎቹ እንግሊዝኛ እንከን የማይወጣለት ሆኖ ሳለ ስለ ጤፍ ወይም ስለ ዘይት ዋጋ አንድም ነገር የሚያነሣ ጽሑፍ አጣሁ። አንዱን ተማሪ ጠርቼ ራሱ የጻፈውን አንቀጽ እንዲያብራራልኝ ብጠይቀው ዝም አለ። የትምህርት ክፍላችን በማሽን የተጻፈን ጽሑፍ ይለያል በሚባል ሶፍትዌር (መለያ) የተያዘ ሁሉ ዜሮ እንዲሰጠው እያሰበ ነው፤ ይህ ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ?

የእንግሊዝኛ መምህርት፦
መምህር፣ በሶፍትዌር ውጤት ብቻ ዜሮ መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ያወጣው መለያ በማሽን ከተጻፉት 26 በመቶውን ብቻ ሲይዝ፣ በሰው ከተጻፉት ደግሞ 9 በመቶውን በስሕተት የማሽን ሥራ ናቸው ብሎ ስለነበር፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ድርጅቱ ራሱ ዘግቶታል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም በዚያ ዓመት ቶፍል በተባለው፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ሰዎች የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት መለያዎች ሲፈትሹ፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል፤ ምክንያቱም በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የሚጠቀምባቸው ቃላት ውሱንና በቀላሉ የሚገመቱ ናቸው። የእኛ ተማሪዎች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ስለዚህ ቅጣቱ የሚያርፈው ለብቻው በታገለው ተማሪ ላይ ሊሆን ይችላል።

ተመራቂ ተማሪ፦
በክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ለመጠየቅ የማፍረውን ነገር ማታ ዶርም ሆኜ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ያለ መሸማቀቅ እጠይቀዋለሁ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ እገዛ ነው። የሚያሳዝነኝ ግን በአንድ ሃንድአውት ዙሪያ ተቀምጠን እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከርበት ልማድ መጥፋቱ ነው። አሁን የግሩፕ ሥራ ማለት አንዱ ከስልኩ ገልብጦ የሌሎቹን ስም የሚጽፍበት ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን የመውጫ ፈተና ግን ሁላችንም ያለ ስልክ ነው የምንቀመጠው።

የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ፦
እኔ ተማሪው በአቅራቢያው ካለ ገበያ ራሱ መረጃ እንዲሰበስብ፣ ረቂቁን በየደረጃው እንዲያሳየኝና ከማርኩ የሚበልጠውን በቃል ማብራሪያ እንዲያገኝ አደርጋለሁ፤ ጽሑፉን ለማረም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መጠቀሙን በግልጽ ከጻፈ አልቀንስበትም። ችግሩ ጊዜ ነው፦ 60 ተማሪዎችን አምስት አምስት ደቂቃ መጠየቅ አምስት ሰዓት ይፈጃል። የትምህርት ክፍላችሁ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ይህን ሰዓት ከመምህሩ የማስተማር ጫና ጋር እንዲቆጥር ጠይቁት።