የማን ሬይ ድምፅ አልባ ፊልሞች፦ በዝምታ ወይስ በማሲንቆ?

ከደብረ ብርሃን፦ አሜሪካዊው ሠዓሊና ፎቶግራፍ አንሺ ማን ሬይ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 1929 በፈረንሳይ የሠራቸው ድምፅ አልባ አጫጭር ፊልሞች በከተማችን የሕዝብ አዳራሽ ይታዩ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያላስማማን በዝምታ ይታዩ ወይስ በማሲንቆ ይታጀቡ የሚለው ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ ማሲንቆ ይግባ። ድምፅ አልባው ፊልሙ እንጂ አዳራሹ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ ተጫዋች፣ ትልልቆቹም ሙሉ ኦርኬስትራ ያቆሙ ነበር። የመንዝን ሰው በደብረ ብርሃን ብርድ አስቀምጦ ጸጥ ያለ ግድግዳ ማሳየት ጭካኔ ነው።

የሥዕል መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦ ስለ ሲኒማ ቤቶቹ ያሉት እውነት ነው። ሆኖም ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ፊልም፣ የ«ወደ አእምሮ መመለስ»ን አሠራር ያስቡት። ማን ሬይ በጨለማ ክፍል ውስጥ በጥሬው ፊልም ላይ እንደ ወጥ ሠሪ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነሰነሰ፤ በሌላው ቁራጭ ላይ ስፒልና ትንንሽ ምስማር በትኖ ለቅጽበት መብራት አበራበት። በዚህ የፊልሙ ክፍል ካሜራ የሚባል ነገር አልገባም። ዕቃዎቹ የምስሎቹን ወሰን ሳይጠብቁ ስለተበተኑ አንዱ ምስል ከቀጣዩ ጋር አይገጥምም፤ ዓይን የሚያገኘው ነጭ ፍንጣሪ ሲርገፈገፍ ነው፤ ምቱም ከዚያው ይወለዳል። ማሲንቆ ከገባ ምቱን ጆሮ ይቀማዋል። አዝማሪው ግጥም ከጨመረበት ደግሞ (መጨመሩ አይቀርም) ጨውነቱ ቀርቶ የአንድ ጌታ ሙገሳ ይሆናል።

ከአንኮበር፦ የእኔ ጥርጣሬ ከማሲንቆው ይቀድማል። ፊልሞቹን ከቅኔ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ አልቀበለውም። ቅኔ ሰሙ ቢጠብቅም ወርቅ አለው፤ መምህሩም ይፈቱታል። ይህ ሰው ግን የሚፈታ ነገር አላኖረም፤ ፊልሙን «ወደ አእምሮ መመለስ» ብሎ መሰየሙም ፌዝ ነው። ፓሪስ ላይ በዳዳ (በልማዳዊው ጥበብ ላይ ባፌዘው የሠዓሊዎችና የገጣሚዎች እንቅስቃሴ) ባልንጀሮቹ ምሽት ሲታይ ፊልሙ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ አዳራሹ በጠብ ተተራመሰ። ለዚህ የሕዝብ አዳራሽ ይሰጣል?

የሥዕል መምህር፦ የተበጠሰው ቁርጥራጮቹን በችኮላ ስላጣበቃቸው ነው እንጂ ሐሳቡ ስለከሸፈ አይደለም። ወርቅ የለውም ማለትዎን ግን እቀበላለሁ። የመንዝን ባናም ጥቁሩ ከነጩ ሲዋሰን ምን ማለቱ ነው ሳንል እናደንቀዋለን።

ከመሐል ሜዳ፦ እንግዲያው የ1928ቱ «የባሕር ኮከብ»ስ? ከፈረንሳዊው ገጣሚ ከሮቤር ዴስኖስ ግጥም የተነሣ ነው፤ በፈረንሳይኛ የተጻፉ መስመሮችም በማያው ላይ ይወጣሉ። በአማርኛ የሚያነብልን ሰው መቆሙ የግድ ነው። የሰው ድምፅ ከተፈቀደ ማሲንቆው ምን አጠፋ?

የሥዕል መምህር፦ ለዚያኛው እሺ፤ አንባቢው ግን መስመሯን አንብቦ ዝም ይበል። ለጨዉና ለስፒሉ ፊልም የለመንኩት ሦስት ደቂቃ ገደማ ዝምታ ብቻ ነው።