የጥርስ ሕመም፣ የአስተናግር ፍሬና የእኛ ዝምታ

ጠያቂ፦ ባለፈው ሳምንት አክስቴ የጥርስ ሕመም ቢጠናባቸው፣ አንድ የሰፈራችን መድኃኒት አዋቂ የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ነስንሰው፣ ጋቢ አከናንበው አጠኗቸው፤ ሕመሙ አልለቅ ሲላቸውም ከዚያው ፍሬ አድቅቀው በማር አዋጧቸው። ብዙም ሳይቆይ ፊታቸው ቀላ፣ አፋቸው ደረቀ፤ ማታ ላይ ከጋቢያቸው የሌለ ክር ሲለቅሙና ከሞቱት እናታቸው ጋር ሲነጋገሩ አየን። ቡዳ ነው ተብሎ ሌሊቱን በጸሎት አሳልፈን ሲነጋ ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ምን እንደ ወሰዱ ሲጠይቀን ግን አዋቂውን ላለማስወቀስ ዝም አልን። አሁን ድነዋል። ሌላውን የሚያሽል ፍሬ እሳቸውን ለምን እንዲህ አደረጋቸው?

መልስ ፩ (ፋርማሲስት)፦ እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ። አስተናግር፣ አጤ ፋሪስም የሚባለው፣ አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሲያሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ምራቅና ላብ የሚያደርቁት፣ የዓይን ብሌን የሚያሰፉት፣ ሽንት የሚያግዱትና ሰውን የሚያስቃዡት እነዚህ ናቸው። መጠናቸው ከተክል ተክል፣ ከቅጠል ፍሬ ስለሚለያይ ትናንት ሰው ያልጎዳው ቁንጥር ዛሬ ሊመርዝ ይችላል። የተዋጠው ፍሬ ደግሞ የሆድን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ፣ መርዙ ቀስ እያለ እየገባ ሕመሙ ከአንድ ቀን በላይ ሊዘልቅ ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ዝምታችሁ ነው፤ ሐኪሙ መንስኤውን ካላወቀ ሕመሙን ከማጅራት ገትር ወይም ከአእምሮ ሕመም ሊያምታታው ይችላል፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ ማስታገሻዎች ደግሞ ይህንኑ መመረዝ ያባብሳሉ። ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት አለ፤ የሚታዘዘው ግን መንስኤው ሲታወቅ ነው። ሌላ ጊዜ የተረፈውን ፍሬ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

መልስ ፪፦ አባቴ መድኃኒት አዋቂ ነበሩና በዚህ ነገር ልቤ ይነካል። ኮሶ ሲያጠጡ አቅመ ደካማውንና ነፍሰ ጡሯን ይመልሱ ነበር፤ ኮሶ ከልኩ ካለፈ ዓይን እንደሚያጠፋ ያውቃሉና። እንዶድንም ለልብስ እንጂ ለሆድ አይሰጡም ነበር። ይሁን እንጂ የቅጠሉ ስም ከተነገረ ፈውሱ ይጠፋል ብለው ስለሚያምኑ፣ በሽተኛው ምን እንደ ጠጣ ሳያውቅ ይሄድ ነበር፤ ይህን እሳቸውን እያከበርኩም አልቀበለውም። አዋቂያችሁን ለብቻቸው አነጋግሯቸው፤ የደረሰውን ካልሰሙ ነገም ለሌላ ሰው ይሰጣሉ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ከአጎቴ ጋር አዋቂው ዘንድ እንሄዳለን፤ ከዚያም ወደ ሐኪሙ ተመልሰን የደበቅነውን በካርዳቸው ላይ እናስጽፋለን።