አንገት ያለ ፈቃድ ሲዞር፦ ዲስቶኒያ ይሆን?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ታላቅ እኅቴ አንገቷ ከስምንት ወር ወዲህ ያለ ፈቃዷ ወደ ቀኝ ይዞራል። መጀመሪያ «አተኛኘቷ ነው» ተብሎ ወጌሻ ቢያሻትም ሕመሙ ባሰባት፤ የአንገት ራጁም ደኅና ነው ተባለ። የሚገርመኝ፣ አገጯን በሁለት ጣቷ ነካ ስታደርገው ፊቷ ወዲያው ይቃናል፤ እንቅልፍ ሲወስዳትም ጡንቻው ይለቃታል። ይህን ያዩ ጎረቤቶች «እያስመሰለች ነው» እያሉ ያስለቅሷታል። መንስኤው ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ 1
አገጭ ሲነካ መቃናቱ የማስመሰል ሳይሆን፣ ሐኪሞች የአንገት ዲስቶኒያን (ጡንቻ ያለ ፈቃድ እየተኮማተረ አንገትን የሚያጣምምበትን ሕመም) ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። አንዱ ጡንቻ ሲኮማተር ተቃራኒው መላላት ሲገባው በዲስቶኒያ ሁለቱም ባንድነት ይጎተታሉ። ጥፋቱ ያለው እንቅስቃሴን በሚያስተባብሩት የአንጎል ክፍሎች እንጂ በአጥንቱ ስላልሆነ ራጅ ላይ አለመታየቱ አያስደንቅም። በአዋቂ ሰው አንገት ላይ ብቻ ሲጀምር ብዙ ጊዜ መንስኤው አይገኝም፤ ሆኖም በተመረጡት ጡንቻዎች ላይ የሚወጋው ቦቱሊነም ቶክሲን የተባለ መድኃኒት ለሦስት ወር ያህል ያላላቸዋል፣ ከዚያ ይደገማል። እሽቱን ግን ቢተዉት ይሻላል።

መልስ 2
መንስኤው አይገኝም ከማለት በፊት የወሰዷቸው መድኃኒቶች ይጠየቁ። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ እና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል የዶፓሚንን (በአንጎል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያግዝ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር) ሥራ ስለሚያግዱ፣ አንዳንዱን ሰው በጀመረ በቀናት ውስጥ፣ ሌላውን ከወራት በኋላ እንዲህ ያደርጉታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 ሜቶክሎፕራማይድን ከሦስት ወር በላይ ስለመውሰድ ያስጠነቀቀው ያለ ፈቃድ በሚመጡና ላይለቁ በሚችሉ እንቅስቃሴዎች ምክንያት ነው። ሆኖም የታዘዘን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ። መንጋጋቸው ቢቆለፍ ወይም መዋጥ ቢያቅታቸው ግን ቴታነስም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

መልስ 3
እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። እስክሪብቶ ስይዝ አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ይታጠፋል፤ በዚያው እጅ ሽንኩርት ስከትፍ ግን ምንም አልሆንም። ሦስት ዓመት ስንፍና እየመሰለኝ ኖሬ፣ ሐኪሙ ይህም ዲስቶኒያ መሆኑን ያወቀልኝ ወረቀት ሰጥቶ ሲያጽፈኝ ነው። እኅትዎንም አንገታቸው ሲዞርና አገጫቸውን ሲነኩ በስልክ ይቅረጿቸውና ለነርቭ ሐኪሙ ያሳዩ።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ለጨጓራዋ ስትውጥ የከረመችውን ክኒን ማሸጊያ ከመሳቢያ አወጣችልኝ፤ ጀርባው ላይ ሜቶክሎፕራማይድ ይላል። ከቪዲዮው ጋር ይዘነው እንሄዳለን።