እናቴን በእንፋሎት ባቡር ላሳፍራት ነው፤ ዳርጂሊንግ የሄዳችሁ ምከሩኝ

የለገሃሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት ዴልሂ የምትማር ታናሽ እህቴን ልንጠይቃት እንሄዳለን። እግረ መንገዴን እናቴንና የሰባት ዓመት ልጄን ሕንድ ተራራ ላይ ያለችው ዳርጂሊንግ ከተማ ወስጄ፣ ተራራ የሚወጣው ባለ እንፋሎት ባቡር ላይ ላሳፍራቸው አስቤያለሁ። እናቴ 80 ዓመቷ ነው። አባቷ የምድር ባቡር እሳት ቆስቋሽ ነበሩ፤ በልጅነቷ ምሳቸውን በአገልግል ይዛ ለገሃር ትመላለስ ነበር። ናፍጣው ከገባ ወዲህ ያንን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። በስታዲየም በኩል ስናልፍ ቀላል ባቡሩን እያየች «ይሄ እኮ አይተነፍስም» ትለኛለች። ከፍታው ለልቧ ይከብዳት ይሆን? ጉዞውስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል?

ሕንድ የተማረው፦
እህቴ፣ ለከፍታው አትስጊ። ትልቁ ከፍታ ላይ ያለው ጣቢያ 2258 ሜትር ነው፤ ለገሃር ላደጉ እናት ይሄ ቁልቁል መውረድ ነው። የጣቢያው ስም ደግሞ ማን መሰለሽ? ጉም! እኔ የደረስኩ ጠዋት እውነትም ጉም ውጦት ነበር። ከሜዳው የሚነሳው ሙሉው መስመር 88 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ያደክማቸዋል፤ ተይው። ከዳርጂሊንግ ተነስቶ ጉም ደርሶ የሚመለሰውን ያዢ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚፈጀው። መሐል ላይ ባታሲያ የሚባል ቦታ ሃዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ ያልፋል፤ እዚያ ያወርዷችኋል። ሰማዩ ከጠራ 8586 ሜትር የሚረዝመው የካንቼንጁንጋ ተራራ በረዶውን ለብሶ ይታያችኋል። ጥቅምት ጥሩ ወር ነው፤ በክረምታቸው መሬቱ እየተናደ መስመሩ ይዘጋል። አንድ ነገር አደራ፦ የናፍጣና የእንፋሎት ትኬት ለየብቻ ነው። እኔ ሳላስተውል የናፍጣውን ቆርጬ በማግስቱ እንደገና ከፍያለሁ።

የሸመንደፈር ልጅ፦
ድሬ ነው ያደግኩት፣ ጽሑፍሽ ሆዴን አባባው። ሃዲዱ 61 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኛው አንድ ሜትር ስለነበር እማማ መጀመሪያ ሲያዩት መጫወቻ እንዳይመስላቸው ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ ተራራ ሲወጣ የኖረ ነው። ዳገቱ ላይ እግሩ እንዳይንሸራተት ሃዲዱ ላይ አሸዋ ይበተናል፤ ልጅሽ ይህን እንዳያመልጠው። ነጭ ነጠላ ግን አታልብሻቸው፣ ጥቀርሻው አይለቅም። ለልጁም መነጽር ያዢለት፣ ብናኙ ዓይን ውስጥ ይገባል።

የለገሃሯ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ አንብቤላት ዝም ብላ ቆየችና የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሳት ቆስቋሹን ቀርቤ ማየት እችላለሁ?»

ሕንድ የተማረው፦
ይችላሉ። ጉም ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማል። ሁሉም ሰው ሙዚየሙን ለማየት ሲሮጥ እናንተ ሞተሩ አጠገብ ቅሩ። እኔ በሄድኩ ጊዜ አንዱ ሠራተኛ ከላይ ተቀምጦ የድንጋይ ከሰሉን በመዶሻ እየፈረከሰ ነበር፤ ትልልቁ እሳቱ ውስጥ አይገባማ። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። እጄን ሳነሳለት ሳቀና ፊሽካውን አስነፋልኝ።