ከውጭ የሚመጡ የቤት እንስሳት ንግድ፦ ይታገድ ወይስ ይመዝገብ?

የመወያያ ጥያቄ፦ ከውጭ አገር የሚመጡ የጌጥ ዓሦች፣ ኤሊዎችና ወፎች በከተማችን መኖሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ቢሮዎች እየተለመዱ መጥተዋል። አምልጠው ወይም ተለቀው ወራሪ መጤ ዝርያ (ከሌላ አገር መጥቶ እየተባዛ የአገሩን ፍጥረት የሚጎዳ) እንዳይሆኑ ንግዳቸው ከወዲሁ ይታገድ ወይስ በምዝገባ ይቀጥል?

የጌጥ ዓሣ ነጋዴ፣ ከፒያሳ፦ እገዳውን እቃወማለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ናት። ከሞቃት አገር የመጣ ዓሣ ማሞቂያው ሲጠፋበት ይሞታል እንጂ ወንዝ ገብቶ አይባዛም። ከሰው ቤት የወጡ ዘንዶዎች በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ረግረግ የተንሰራፉት በዚያ አገር ሙቀት ስለሆነ፣ ያንን ምሳሌ ይዞ የእኛን እንጀራ መዝጋት ፍትሐዊ አይደለም።

የባዮሎጂ መምህርት፣ ከስድስት ኪሎ፦ ወንድሜ ስለ ብርዱ ያነሡት ነጥብ ለብዙ ዝርያዎች እውነት ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ጎልድፊሽ ላዩ በረዶ በሆነ ኩሬ ውስጥ የቅዝቃዜውን ወራት የሚያሳልፍ፣ ኦክስጅን ያነሰበትን ቆሻሻ ውኃም የሚችል ዓሣ ነው። ለንደን ከእኛ ከተማ ይልቅ የምትበርድ ሆና ሳለ፣ ዘራቸው ከአፍሪካና ከእስያ የሆነ አረንጓዴ በቀቀኖች ከሰው ቤት ወጥተው ዛሬ በመናፈሻዎቿ በሺዎች ይኖራሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የወንዞቻችን አቅጣጫ ነው። ቀበናም ሆነ ባንተይቀጡ የሚፈስሱት ወደ አቃቂ ነው፤ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ከአዋሽ ይገናኛል፤ አዋሽ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በቆቃ ሐይቅ አልፎ እስከ አፋር ቆላ ይወርዳል። እዚህ ብርዱ የሚያዳክመው እንስሳ በክረምት ጎርፍ ተወስዶ የሚደርሰው ሙቀት ወዳለበት ነው፤ ስለዚህ ከፍታችን ከእኛ በታች ላለው ውኃ መከላከያ ሊሆን አይችልም። እምቦጭ የተባለው የውኃ አረምም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው በአበባው ውበት፣ ለጌጥ ተብሎ ነበር። ቆቃን አስቸግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ከታየ በኋላ ስንት ገበሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው እንደዋለ ያየ ሰው፣ ጉዳቱ እስኪታይ እንጠብቅ የሚለውን ሐሳብ እንዴት እንደሚቀበል አይገባኝም።

ጡረተኛ፣ ከካዛንቺስ፦ ዓሣ ነው እንጂ አውሬ አይደለም። ጥቂት ቢያመልጡ ምን ያመጣሉ?

የባዮሎጂ መምህርት፦ አባቴ፣ በኮሎምቢያ የዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር ለግል መካነ እንስሳቱ ያስገባቸው የአፍሪካ ጉማሬዎች አራት ብቻ ነበሩ። እሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ከተገደለ በኋላ ያለ ጠባቂ ቀርተው ከመቶ በላይ ሆነዋል፤ የኮሎምቢያ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2022 ወራሪ ዝርያ ብሎ ፈርጇቸዋል። ወራሪ የሚያደርገው የጥርስ ብዛት አይደለም፤ ጠላቱንና ድርቁን ትቶ መምጣቱ ነው።

ጠበቃ፣ ከአራት ኪሎ፦ አገራችን ያጸደቀችው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት በአንቀጽ 8 መጤ ዝርያዎችን መከላከልን ስለሚጠይቅ፣ መንግሥት ጣልቃ መግባቱ አያከራክርም። የምፈራው ጠቅላላ እገዳን ነው። አብዛኛው እንስሳ ሰብሮ አያመልጥም፤ ባለቤቱ ሰልችቶት ወይም አሳዝኖት ይለቀዋል። መዳፍ የማትሞላ ሆና የተገዛች ኤሊ አድጋ ከሳሕን ስትተልቅ፣ ቅጣት የሚፈራ ሰው በጨለማ ወንዝ ይከታታል። ፍሎሪዳ ባለቤቶች የማይፈልጉትን እንስሳ ያለ ቅጣት የሚያስረክቡበትን ሥርዓት የዘረጋችው ይህን ተረድታ ነው። እኛም ከቅጣቱ በፊት መረከቢያውን እናዘጋጅ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብርድ የሚችሉት ዝርያዎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ መከልከል አለባቸው። ሞቃት ውኃ የሚሹት ደግሞ በምዝገባ ይሸጡ፤ ሻጩም የሸጠውን መልሶ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት።

የጌጥ ዓሣ ነጋዴ፦ መልሶ መቀበሉን እፈርማለሁ፤ ደንበኛም ያስደስታል። የሚከለከሉትን ዝርያዎች ሲመርጡ ግን ሻጮችን ያማክሩ፤ የትኛው ዓሣ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ እንደሚሰነብት በየቀኑ የምናየው እኛ ነን።