«ቅኝ አልተገዛንም» ለውጭ ተወላጆች እንዴት ይብራራ?

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ለክረምት ከውጭ አገር የሚመጡ የዘመድ ልጆችን፣ በትምህርት ቤታቸው የናይጄሪያና የጃማይካ ልጆች «እናንተንስ ማን ገዛችሁ?» ይሏቸዋል። «ማንም» ማለት ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ነበረ። የካቲት 12 ቀን 1929 የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ግንቦት ላይ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። በ1931 ሚያዝያ ደግሞ መንዝ ዘረት ዋሻ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን ጣሊያኖች በሰናፍጭ ጋዝና በጥይት ፈጁ። ወረራ እንጂ የጸና ቅኝ ግዛት አይደለም፤ ቁስሉ ግን አለ። ዋሻውን የሚያውቅ ልጅ ለጃማይካዊው በኩራት ብቻ አይመልስለትም።

መልስ፦ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቀይሩላቸው! ልጁ ኢንተርኔት ላይ በ1929 ፈንታ 1937 አይቶ «አያቴ ተሳስተዋል» ይላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ይደመራል።